ከበሩ ጋር ተጭኖ ስለሄደው የቤት ቁጥሬ

ለተከበሩ የቤት ቁጥር ክፍል ኃላፊ፤

እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ዓመቱን ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለኝ ጸሐፊዎም እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከእናቴ ትንፋሽ በቀር ደህና ነኝ። ሥራዬ በር መሥራት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በራሴ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ከሻከረዎት ገና አልተላገም ብለው ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ምስጋና። አምና ሠራተኞችዎ ብሩሽ ይዘው ሰፈራችንን ሲዞሩ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ከግድግዳዬ ያስደገፍኩትን የደንበኛ በር አይተው 417 ብለው ጻፉበት፤ ስሜንም ከቁጥሩ ጋር መዘገቡ። የራሴ በር ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ነበር፤ አርጅቷልና በር አልመሰላቸውም መሰለኝ። እኔ እንጨት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የበሩ ባለቤት፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ በሯን አስጭና ሄዳለች። ዛሬ 417 በከተማው ወዲያ ጫፍ ያለ የአዋላጇ የዶሮ ቤት ነው። ካርታ ሠሪዎችዎም ቁጥሩን እዚያው አግኝተው እዚያው ተክለውልኛል፤ ትጋታቸውን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ይታረምልኝ ብዬ መስኮታችሁ ላይ ስቆም፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አይቶ «ወንድሜ፣ ቁጥርህማ አለ፤ ቤትህ ነው የሌለው» አለኝ። ሌላ ቁጥር ስጡኝ ብለው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ቁጥር ወንጀል ነው። እንግዲያው የ417 ጎረቤቶች ይመስክሩ ተባለ። እነሱም እውነተኛ ሰዎች ናቸውና አይተነው አናውቅም አሉ። በፋይሌ ላይ «ነዋሪው በአድራሻው አይገኝም» ተብሎ ተጻፈ። ሃምሳ ዓመት ከቤቴ ሳልወጣ ጠፋሁ።

ሦስተኛው ሳቅ የለበትም። የዛሬ ሦስት ሳምንት በጠራራ ፀሐይ እናቴን ትንፋሽ አጠራት። አምቡላንስ ስጠራ ስልክ ያነሳችውን ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከወፍጮው አጠገብ ብላት «አባቴ፣ ቁጥር ብቻ» አለችኝ። ነገርኳት። ሁለት ባለሙያዎች ቃሬዛ ይዘው በሩጫ ዶሮ ቤት ገቡ፤ ዶሮዎቹ ደህና ነበሩ። እኔ እናቴን በር በማደርስበት ጋሪ ጭኜ ሐኪም ቤት አደረስኳት። መንገዱ እንደምታውቁት ነው። በየጉድጓዱ «ቀስ በል፣ ሰው ነኝ፣ በር አይደለሁም» ትለኝ ነበር፤ መናገር መቻሏ ነው ያሮጠኝ።

አራተኛ ነበረኝ፤ ደክሞኝ ተውኩት።

ያቺ አዋላጅ ታሪኩን ስትሰማ «አምቡላንሱ የሚያውቀው የኔን ቤት ነው፤ እናትህን አምጣት» አለች። እናቴ አምስት ልጅ ያሳደገችበትን ቤት ለቃ፣ ዛሬ በሰው ሳሎን ተኝታለች፤ እኔም እንደ እንግዳ በር አንኳኩቼ እጠይቃታለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሠራተኛ ቀለም ይዞ ይምጣና በሬ ላይ ቁጥር ይጻፍልኝ። የፈለገውን ቁጥር። እናቴ ቤቷ ትግባ።

ስላልመለሱልኝ ዘጠኝ ማመልከቻ ሁሉ ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣

አክባሪዎ፣
በአድራሻው የማይገኘው በር ሠሪ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት «ሰውየውን እንዳትሰድበው፤ እሱም እናት ይኖረዋል» ስላለችኝ አልሰደብኩም። ግን እስኪ አንድ ቀን ከስብሰባ ሲወጡ ወደ እናትዎ ቤት ጎራ ይበሉና፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ ይዩላቸው።