ሩብ ዙር ለበረከት

ዕዝበት ኤል-ቡርግ፣ ማክሰኞ፣ ሸዋል 9 ቀን 1414

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለዋርዳ አባት፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ግሪክ ድረስ ይድረስህ። እኔም ዋርዳም ደህና ነን። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ የላክህላት ጫማ ስለጠበባት ለአክስቷ ልጅ ሰጥተነዋል። ደብዳቤህ ከዒድ በፊት ደርሶኛል። “ወንድሜ ሆስኒ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ወዲህ ጋራዡ ተዘግቶ እየዛገ ነው፤ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ሲመጣ ቁልፉን ስጪው” ብለሃል። መልሱን ያዘገየሁት የያዝኩት ሥራ እስኪያልቅ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጋራዡ አልተዘጋም። ሆስኒ በሄደ በሳምንቱ እኔ ከፍቼዋለሁ፤ ይኸው ስምንት ወሩ። መደበቄ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በስልክ ብነግርህ “አብደሻል እንዴ?” ብለህ ትዘጋብኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “ዳዶ አቀብይኝ፣ መብራት ያዢልኝ” ስትለኝ ዓይኔን ጨፍኜ የቆምኩ መስሎህ ነበር? የትንንሽ ጀልባ ሞተር ስጠግን ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ለመደኝ። ትልቅ መርከብ ግን አምኖ የሰጠኝ አልነበረም፤ የመርከብ አለቃው ራይስ አቡልማዓቲ እስኪቸግራቸው ድረስ።

በዒድ ማግስት መጡ። የመርከባቸው ሞተር የጭስ መውጫው ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው በሚጋጠምበት በኩል ያፈስሳል። መርከቦቹ ሁሉ ቅዳሜ ተያይዘው ሊወጡ ነው፣ ሌሎቹ ጋራዦች ሥራ በዝቶባቸዋል። “የዋርዳ እናት፣ ማሸጊያውን ጋርኒሲዮን መቀየር ብቻ ነው፤ እሱስ አያቅትሽም” አሉኝ። ማሞገሳቸው መሆኑ ነው።

ስድስቱ ቡሎኖች ተፈቱ። ሰባተኛው አንገቱ ላይ ቀጭ አለና ግማሹ ቴስታታው ውስጥ ቀረ። ሻዕባን፣ ያን ቡሎን ያጠበቅከው አንተ ነህ፤ የዛሬ አራት ዓመት ከመሄድህ በፊት የሠራኸው የመጨረሻ ሥራ ነበር። እንደ አገሩ መካኒክ ሁሉ፣ ጠብቆ ካበቃ በኋላ “ይቺ ደግሞ ለበረከት” ብለህ ሩብ ዙር ጨመርክበት። ብረቱ ያኔ ተጎዳ፣ የተበጠሰው ግን እኔ እጅ ላይ ነው።

መርከበኞቹ ሳቁ። አንዱ “የድስት ክዳን መስሏት ነው” አለ። “የድስት ክዳን ቢሆንማ አንተ ቀድመኸኝ ከፍተኸው ነበር” አልኩት። ራይስ ግን አልሳቁም። ቴስታታው ተፈትቶ ዱምያጥ ከተማ ይሂድ ቢባል ሳምንት ይፈጃል። ቅዳሜ ካልወጡ የኔም ነገር ያኔ አበቃ፤ ቁልፉን ለገዢህ ከመስጠት ሌላ መንገድ አይኖረኝም። “እስከ ዓርብ ይስጡኝ” አልኳቸው።

ስብርባሪው ከቴስታታው ፊት ጋር እኩል ስለነበር የሚያዝ ነገር የለውም። ዳዶ አስቀምጬበት በቀዳዳው በኩል በየድኩት። ገና ስነካው ወለቀ። ሁለተኛውም ወለቀ። የቸኮልኩት እኔ መሆኔ ገባኝ። ሦስተኛውን ከበየድኩ በኋላ ገና ትኩስ እያለ ሻማ አስጠግቼ ሰሙን በዙሪያው አጠጣሁትና በእጄ መንካት እስክችል ጠበቅኩ። ከዚያ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ወደ ግራ። ወጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንተን ስረግም ቆይቼ ስብርባሪውን መጣል አቃተኝ፤ የአንተ እጅ የነካው ነገር ነውና ኪሴ ከተትኩት።

ግን የቀዳዳውን ጥርስ ነቅሎ ነበር የወጣው። አዲስ ቡሎን ሳስገባ ዝም ብሎ ይዞራል። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ማስፋት ነበረብኝ፤ አንዴ ከተጣመመ ደግሞ ቴስታታው ተበላሸ ማለት ነው። አንተ በዓይንህ ለክተህ ትሰረስራለህ፣ እኔ ያንተ ዓይን የለኝም። ስለዚህ ከወፍራም ላሜራ ቁራጭ ላይ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አወጣሁ፤ በጎንና በጎኑ ባሉት ደህና ቀዳዳዎች አሰርኩትና መሰርሰሪያውን በእሱ መራሁት። ይህን ማንም አላሳየኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ከዚያ አዲስ ጥርስ አወጣሁለት፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ፣ ብናኙ ውስጥ እንዳይገባ የጥርስ መቁረጫውን ግሪስ እየቀባሁ። ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ቶርኖው ላይ እያሽከረከርኩ ቀርጬ እዚያ ውስጥ አሰርኩት። ቡሎኑ ሲገባ ጥርሱ መያዙ እጄ ላይ ተሰማኝ። ከድሮው ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ስትመጣ ታየዋለህ።

ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ከላይ ሆነው ወደ ሞተሩ ጉድጓድ ቁልቁል እያዩኝ አጠበቅኩት፤ በቃ ሲል አቆምኩ።

“ለበረከት አንድ ጨምሪለት እንጂ” አሉ ራይስ።

“አልጨምርም።”

“ሻዕባን ቢሆን ይጨምር ነበር።”

“ሻዕባን ጨምሮ አይደል እንዴ ሦስት ቀን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የከረምኩት?”

ማንም አልሳቀም። አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነገር እምቢ ማለቴ ነበር። “ባሕር ላይ ቢፈታስ?” አሉ ራይስ፤ መፍቻውን ከእጄ ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። ከኋላዬ ደበቅኩት። “ሞተሩን አስነሱና ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ እንሂድ። ትንሽ ጭስ ካየሁ እኔው ራሴ ጨምሬ ጋራዡን እዘጋለሁ” አልኩ። ስንሄድም ስንመለስም መብራት ይዤ እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቅንጣት ጭስ አላፈሰሰም። ራይስ ወርደው መጋጠሚያውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነበር። “በይ እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ የኔን መርከብ ሌላ ሰው አይነካትም” ብለው ወጡ። ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው ነው የወጡት። ትናንት በሬዲዮ ሞተሩ ደህና ነው ብለዋል።

ገዢህ እሁድ መጥቶ ነበር። ሁለት ሞተር ተፈትቶ፣ ሦስት ሰው ወረፋ ይዞ ሲያይ ግራ ገባው። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ቁልፉን አልሰጠሁትም፣ ወደፊትም አልሰጥም። ልትቆጣ ትችላለህ፤ ተቆጣ። ብቻ ዝም አትበለኝ።

ፈጣሪ እጅህን ከጉዳት፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልህ፤ በሰላም ለዓይናችን ያብቃህ። ሥራው አላቃተኝም ሻዕባን። ያቃተኝ አንተ የሌለህበት ቤት ነው።

ሚስትህ
ኢንሻራህ