በጥፍር የፈረጠ መዥገር

ይድረስ ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም ያለ ትኩሳት፣ ያለ ራስ ምታት ሰንብታችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የቡሬ ገጠር ሰዎች ጤናው ቢጎድለን ምኞቱ አልጎደለንም።

እህቴ ያይኔአበባ በቅርቡ አርፋለች። የእርሷና የባሏ በሬ ሊሸጥ ነበርና፣ ገዢ እንዳይንቀው እንደ ልማዳችን ከጆሮውና ከጭኑ ሥር መዥገሩን እየለቀመች በአውራ ጣቶቿ ጥፍር ስታፈርጥ ዋለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሁላችንም እንዲሁ ነን። አጎታችን ቻላቸው፣ መዥገር ሰው ገደለ ሲባል ሰምተው እንደማያውቁ ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሚነግረን ሲኖር አይደል የምንሰማው።

አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ትኩሳቱ ሲነሣባት፣ የዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያ ባለሙያዎችዎ ምርመራው ወባ የለም ቢላቸውም የወባ ኪኒን ሰጧት። ለማስረጃ ላልተበገረው ጽናታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፪. ድዷ ሲደማ ጥርሷን በደንብ እንድትፍቅ መከሯት። ፋቀች። እኔ ነጭ ጨርቅ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ነጭ ሆኖ እንዲቆይ ለመንሁ። አልቆየም።

፫. ፍኖተ ሰላም ያገኘኋት ሐኪም፣ መዥገር የሚያስተላልፈው ቫይረስ ሊሆን እንደሚችል፣ በታማሚው ደምም ወደ ሌላ ሰው እንደሚጋባ ነገረችኝ። የደም ናሙና እንዲወሰድና ጓንት እንዲላክልን ጽሕፈት ቤትዎን ብለምን፣ መዥገር የከብት ጉዳይ ነው ተብዬ ወደ እንስሳት ጤና ተመራሁ። እንስሳት ጤናም እህቴ ከብት አለመሆኗን በጨዋ ደንብ አስታውሶ መለሰኝ። በመካከሉ እህቴ አረፈች። ሁለታችሁንም ከድካም ገላገለቻችሁ።

አጥባ የገነዘቻት የባሏ እህት ወይኒቱ ናት። በባዶ እጇ። ከትናንት ጀምሮ ወይኒቱን ያንቀጠቅጣታል። እኔም ስነቃ አስቀድሜ ግንባሬን እዳስሳለሁ፤ የሚሞቀው ግንባሬ ይሁን እጄ አላውቅም።

የወይኒቱ ደም ይመርመር። የሚያስታምሟት ጓንት ያግኙ። ሌላ ልመና የለኝም።

ለማይናወጠው ዝምታዎ ዘወትር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የወረዳዎ ታዛዥ ነዋሪ፣
ገደፋው ንብረት

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የወይኒቱ ድድ መድማት ጀምሯል። ነገ ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመን በቀጥታ ወደ ቢሮዎ እናመጣታለን። ሰው ትሁን ከብት እስኪወስኑ ድረስ፣ አፏን በባዶ እጁ የሚጠርግላት አንድ ባልደረባ ከወዲሁ ይመድቡልን።