ቀድሞ የተደረሰ ለቅሶ

መቐለ፣ ሓድነት
መጋቢት 2008 ዓ.ም.

ለአበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? የክርስትና ልጄ ናፍቆትስ፣ ያ የገና ሰሞን ሳል ለቀቃት? እሷን ከጸሎቴ አውጥቻት አላውቅም። አንቺን ግን በዚህ ወር አንዳንድ ቀን እያወቅኩ ዘልዬሻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እኛም አለን። የቤታችንን ደህንነት አንድ በአንድ እንዳልነግርሽ፣ አንቺ ከኔ ቀድመሽ ለአገር ምድሩ አውርተሽዋል።

ደብዳቤ በመጻፌ ሳትስቂ አትቀሪም። በዚህ ዘመን ፖስታ፣ ያውም ከመሶብ ጋር በሰው እጅ። በስልክ እንዳልነግርሽ አታነሺም። ብታነሺስ ማን ይችልሻል? ደሴ አብረን ስንማር ጀምሮ እኔ አፌን ስከፍት አንቺ ጨርሰሽልኝ ነው የኖርሽው። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ዛሬ እስከ መጨረሻው ታነቢኛለሽ።

ያን ክረምት እኛ ቤት የመጣሽ ጊዜ ትዝ ይልሽ ይሆናል። ከባለቤቴ ከኣረፋይነ እናት፣ ከኣደይ ለተመድህን ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ ስፌታቸውን እያነሳሽ ታገላብጪ ነበር። ይህ መጽሐፍ መሆን አለበት ያልሽው አንቺ ነሽ። ለዚህ አመስግኜሻለሁ፤ ዛሬም ምስጋናዬን አልነጥቅሽም። እሳቸው የእያንዳንዱን ሐረግ ስምና አሠራር በትግርኛ ነገሩኝ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ ኣረፋይነ ፎቶ አነሳ፣ አንቺ አዲስ አበባ አሳተምሽው። መጽሐፉ እጃቸው የገባ ቀን፣ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ሽፋኑ ላይ ካለው ስማቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱትና ትንሽ አነስ ብሏል አሉ። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ጎረቤት መሶባቸውን ሲያደንቅላቸው እንኳ፣ የወዲያኛውን ጎኑን አይተሽዋል ወይ ብለው ያዞሩላት ነበር።

ከዚያ ደወልሽና፣ መጽሐፉ በየመደብሩ አቧራ ከሚጠጣ ብሎግ ለብሎግ እናዙረው አልሽኝ። እኔ እንደገባኝ፣ ስለ መጽሐፍና ስለ እጅ ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ተስማምተው ተራ ይይዛሉ። ዛሬ አንዷ ስለ መጽሐፉ ትጽፋለች፣ ነገ ሌላው ቃለ መጠይቅ ያወጣል፣ ከነገ ወዲያ አንዷ ከመጽሐፉ አይታ ትንሽ ሙዳይ ሰፍታ ታሳያለች፣ ሌላው ደግሞ ለአንባቢ በዕጣ ይሰጣል። ሁሉም ከጽሑፋቸው ግርጌ፣ ነገ መጽሐፉ እነ እገሌ ዘንድ ነው ብለው አንባቢውን ወደሚቀጥለው ይሸኛሉ። የመጨረሻው ማረፊያ ያንቺ ብሎግ ነበር። የሚጠይቁንንም አንቺ ስለኛ እንድትመልሺ ተስማማን፤ የኛ ሰፈር ኔትወርክ እንኳን ለቃለ መጠይቅ ለሰላምታም አይበቃም።

ይህን ለኣደይ እንዴት ላስረዳቸው? ብሎግ ብላቸው ምን ሊገባቸው። እንደ ማርያም ማኅበራችሁ ነው አልኳቸው፤ መጽሐፉ እንደ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ ያስተናገደው ለባለተራው ያስረክባል። ወዲያው ገባቸው፤ የገባቸው ግን በራሳቸው መንገድ ነው። ዙሩ ሲያልቅ እንግዶቹ ሁሉ ወደ ባለቤቷ ይመጣሉ አሉ። አይመጡም ኣደይ፣ በኮምፒውተር ነው የሚያዩት ብላቸው፣ ስሜን ሰምቶ ቤቴን የማያይ ምን ዓይነት እንግዳ ነው ብለው ተቆጡኝ። ስዋ የሚሉትን ጠላ አስጠመቁ፣ የበረንዳውን ግድግዳ ኖራ አስቀቡ። አዲስ መሶብም ጀመሩ፣ ለናፍቆት። ልጅቷ ገና ጥርሷን እየለወጠች ነው ብላቸው፣ ስታገባ ከኔ ቤት ባዶ እጇን አትወጣም አሉ። ስንደዶውን በጣታቸው እየለዩ፣ የአለላውን ቀለም እኔን እየጠየቁ ቀን ቀን ይሰፉ ነበር።

ዙሩ በተጀመረ ሰሞን መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች ገመዱን በጠሱትና ሰፈራችን ስልክም ኢንተርኔትም አጣ። እኛ አንድም ሳናነብ ቀናት አለፉ። እሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ፣ ዛሬ ማን ቤት ነው ይሉኛል። አንቺ የነገርሽኝን አስታውሼ እነ እገሌ ቤት ነው እላቸዋለሁ። ደህና አድርገው አስተናግደውት ይሆን ብለው ይጨነቃሉ።

እንግዶቹ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ብከፍት፣ ከሰሜን ክፍለ ከተማ የመጡ የማኅበራቸው ሴቶች ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንዷ ደረቷን እየመታች፣ ወይለይ ለተመድህን፣ ወይለይ እያለች ትገባለች። ኣረፋይነ ድምፁን ሰምቶ በባዶ እግሩ ከመኝታ ቤት ወጣ። ጽንዓት ይሃብኩም እያሉ፣ አምላክ ያጽናችሁ ማለታቸው ነው፣ ሁለታችንንም አቅፈው ያለቅሳሉ፤ እኛ ማን እንደሞተብን ገና አናውቅም። ከኋላቸው ሌሎች ገቡ፣ የኣረፋይነ የሥራ ባልደረቦች፣ ከውቅሮ የመጡ ዘመዶች። ግቢው ሞላ። ኣደይ በረንዳው ጥግ መሶባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሰው መብዛቱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ጓለይ፣ ልጄ፣ እንግዶቹ መጥተዋል፣ ስዋውን ቅጂ አሉኝ። ይህን ድምፅ የሰማችው ሴት ዞር ብላ ስታያቸው የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እሱስ በስዋ ታጥቦ ባለፈ። ልጆቻችን በኢንተርኔት አንብበው ነገሩን አሉ፤ እያፈርን፣ እየሳቅን፣ ሰዉን ሸኘን። የኣረፋይነ ታናሽ ወንድም ኣባዲ ግን በማግስቱ መጣ፣ ድሬዳዋ የሚሠራው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለአንቺ አልነግርሽም፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው። ኣባዲ የእናቱን መርዶ የሰማው ምሳ ሲበላ ነው። የሥራ ባልደረባው ስልኩን አቀበለውና፣ ይህቺ የአንተ እናት አይደለችም ወይ አለው። ሊደውልልን ቢሞክር የኛ ስልክ አይሠራም። በአውቶቡስ እያለቀሰ መጣ።

ግቢው ውስጥ ኣደይን ሲያይ አልጮኸም። ሄዶ ራሱን ጉልበታቸው ላይ ጣለ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ጸጉሩን ሊዳብሱ እጃቸውን ሰደዱ። ተላጭቷል። እጃቸው እዚያው ቆመ። ወደይ፣ ልጄ፣ ይህን ለማን ነው የተላጨኸው አሉት። እሱ ራሱን ይበልጥ ጉልበታቸው ውስጥ ቀበረ። ለእኔ ነው? አሉ።

ሰኞ እኔና ኣረፋይነ መሐል ከተማ ወርደን ኢንተርኔት ቤት ገባን። የመጀመሪያው ብሎግ ላይ ያንቺን ቃል አገኘሁት። እኚህ እናት መጽሐፋቸው ታትሞ ሳያዩ አረፉ ይላል። በስምሽ፣ ከፎቶሽ ሥር። ሁለተኛዋ ይህንን ተቀብላ ወስፌያቸውን እንደያዙ አሰናበተቻቸው። ሦስተኛው የመጨረሻ ኑዛዜያቸውን ጽፎታል፣ በተዋበ አማርኛ። ኣደይ አማርኛ የሚናገሩት ገበያ ውስጥ ሲከራከሩ ብቻ ነው። ሙዳይ የሰፋችው ልጅ ለነፍሳቸው መታሰቢያ ይሁን ብላለች። ዕጣው የደረሰው ሰውዬ ሳይቀር መጽሐፉን አቅፎ ማልቀሱን ጽፏል። ከየጽሑፉ ግርጌ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር። እንዲህ ዓይነት ማኅበርተኛ አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም የተቀበለውን ጽዋ ሞልቶ ነው ለባለተራው ያስረከበው። ስንወጣ ኣረፋይነ ታክሲ እንኳ ሳይጠብቅ በእግሩ ሄደ።

ያን ቀን ደውዬልሽ አንስተሻል። በሕይወት ያለ ሰው የእጅ ሥራ መጽሐፍ በየቦታው ሞልቷል፣ ሰው የሚገዛው ልቡ ሲነካ ነው አልሽኝ። እንዲህ ይዛመታል ብዬ አላሰብኩም አልሽ። ቀጥለሽም፣ ለነገሩ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ የጻፍነውንም አያነቡት አልሽ። ይህችን የመጨረሻዋን ባትጨምሪ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ዝም ብዬ ለመንኩሽ። የመጨረሻው ማረፊያ የኔው ብሎግ ነው፣ በሕይወት ያሉበትን ፎቶ ላኪልኝና አስተካክለዋለሁ ብለሽ ቃል ገባሽልኝ።

ኣደይ ለፎቶው ሹሩባ ተሠሩ። የጥምቀት ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ያዙ፣ ሳቁ። እንግዶቹ አሁን በደንብ ያዩኛል አይደል አሉ። ላክንልሽ። አንቺም አወጣሽው፣ ዳር ዳሩን ጥቁር አድርገሽ፣ አረፉ ያልሽበትን ቀን ጽፈሽ፣ ከሥሩ ሻማ አብርተሽ። እኔ የሳቸውን መኖር ያስረዳልኛል ብዬ የላክሁትን። ስደውልልሽ፣ ያለቀሰው አንባቢ የተታለለ ይመስለዋል፣ ያስተናገዱን ልጆችም ያፍራሉ፣ ለሁለተኛው እትም እናርመዋለን አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ስልክሽን አላነሳሽም።

ኣደይ መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ አድርገውት ነበር። ማን መጣ፣ ማን ቀረ እያሉ ያስቆጥሩኛል፤ የቀሩትን ቂም ይዘውባቸዋል። ቆይተው ግን ማኅበር ሄደው ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆነ። ጽዋውን ያቀበለቻቸው ሴት ጣታቸውን ሳትነካ ቶሎ ለቀቀችው አሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዷ ድምፃቸውን ሰምታ ስታማትብ ጆሯቸው ያዘው። ፎቶዬ ወጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ወጥቷል አልኳቸው። ምን አሉ? አሉኝ። ምን ልበላቸው? ነፍስ ይማር አሉ ልበላቸው? እሳቸውም ወስፌውን ስንደዶው ውስጥ ሰክተው አስቀመጡና፣ ጓለይ፣ ሰዉ እኮ ጨርሶኛል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መሶቡን አልነኩትም። ምግብ ቀነሱ፣ ከበረንዳው ወደ አልጋ ገቡ። ሐኪም ቤት ብንወስዳቸው ይህ ነው የሚባል በሽታ አላገኘንም ብለው መለሱን። ኣረፋይነ ሌሊት ሥራ ሲገባ እኔ አጠገባቸው እተኛ ነበር። አንቺን አንድም ቀን አልረገሙሽም። የናፍቆት እናት መልካም ልጅ ናት፣ ቸኩላ ነው አሉ። እኔ ግን ይህንን እንደ እሳቸው አድርጌ ልል አልቻልኩም፤ በጣም ነው የተቆጣሁብሽ፣ ዛሬም አልበረደልኝም።

ባለፈው ሳምንት ኣረፋይነ ለእናቱ ለቅሶ ድንኳን ሊጠይቅ ወደ እድሩ ሄዶ ነበር። ሊቀመንበሩ ድንኳኑን ከመስጠታቸው በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ቤት ላኩ፣ ገብተው በዓይናቸው አይተው እንዲመለሱ። አልተቀየምናቸውም። ድንኳኑ ሰፊ ነበር። ያኔ ግቢውን አጣበው የነበሩት ሰዎች ግን አሁን አልመጡም። የሰሜን ሴቶች ወሬው ሲደርሳቸው፣ ዳግመኛ አንታለልም አሉ አሉ። አንዳንዶቹ ኋላ አጣርተው፣ አፍረው፣ ከቀናት በኋላ ብቅ ብለዋል። በዕለቱ ወንበሩ ባዶውን ተደርድሮ እኔ ከወዲያ ወዲህ ስል የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አውቀው ነበር። ስንት ሰው ሊያያቸው ይመጣል ብለው ግድግዳ ያስቀቡ ሰው ናቸው። ኣባዲም ከድሬዳዋ መጥቶ ነበር። ጸጉሩ ገና ስላላደገ የሚላጭ አልነበረውም።

መሶቡን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሰው ልኬልሻለሁ። የናፍቆት እንጂ ያንቺ አይደለም፤ ሳሎንሽ ውስጥ ሰቅለሽ ፎቶ እንዳታነሺው። ገላው አልቋል። ክዳን የለውም፣ መንገድ ላይ ጠፋ ብለሽ ሰውየውን እንዳትጠይቂው። ወስፌውን እኔ አስቀርቼዋለሁ። ልጅቷ አድጋ ለምን ክዳን የለውም ብላ ብትጠይቅሽ፣ ታሪክ ማሳመር እንደምትችዪ አውቃለሁ፣ ለሷ ግን የሆነውን ንገሪያት።

ለቅሶ ልድረስ ብለሽ እንዳትነሺ። አንቺ ከሁላችንም ቀድመሽ ደርሰሻል። አስተካክዪ፣ አስተካክዪ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ ነበር፤ ከእንግዲህ ይቅር፣ ጽሑፍሽን አትንኪው፣ ሻማውንም አታጥፊው። ቀኑን ብቻ አርሚው።

ናፍቆትን እግዚአብሔር በጥበብ ያሳድግልሽ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረስ። አንቺንም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ስምሽን በመልካም የሚያነሳ ሁሉ፣ ቤትሽ ገብቶ፣ እያየሽው ያንሳልሽ።

የናፍቆት የክርስትና እናት