እግሬ ላይ የታሰረው ዕቃ ያወጣብኝ ጉድ

ይድረስ ለእታለሜ ለአልማዝ፣ ኩዌት ላለሽው።

እታለሜ እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ምግቡስ፣ እንቅልፉስ? አሠሪሽ ሴትዮ ስልክሽን መለሰችልሽ ወይስ ዛሬም እንደያዘችው ነው? እጅሽን የማጽጃው መድኃኒት ልጦታል ብለሽን ነበር፣ ዳነልሽ ወይ? አባዬም እማዬም ዳባት ደህና ናቸው፣ ዝናቡ ሸጋ ጥሏል፣ ላሚቱም ወልዳለች። ስለ እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ ብዕሩን አነሳሁት፣ አስቀመጥሁት፣ ደግሜ አነሳሁት። ፈርቻለሁ፣ እየፈራሁ ነው የምጽፍልሽ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ፈህሚያ ናት፣ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሰዎች ልጅ፣ ባሏ እዚያው ኩዌት ስለሆነ ዒዱን ከሱ ጋር ልትውል እሑድ ትበራለች።

ጉልበቴን መጎዳቴን ሳልነግርሽ የቀረሁት እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። ጥር ላይ ከሩጫ ክለቡ ልጆች ጋር ቁልቁለት ስንሮጥ ድንጋይ ከዳኝና ግራ ጉልበቴ ዞረ፣ ቋ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ጅማት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል እየተመላለስሁ ጉልበቴን የሚያሠራኝ ሰው አለ፣ ዓለምነው ይባላል፣ እኔ ዶክተር እለዋለሁ፣ እሱ ዶክተር አይደለሁም ፊዚዮ ነኝ ይለኛል፣ አፌ ግን አልለምድ አለ። ሸጋ ሰው ነው፣ ብዙ ለፍቶብኛል፣ ማነከሱ ግን አልለቅ አለኝ። አሰልጣኛችን ይበልጣል ደግሞ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ አይሻለሁ፣ ካነከስሽ ቦታሽን ለሌላ ልጅ እሰጣለሁ፣ ዕቃሽን ይዘሽ ዳባት ትገቢያለሽ ብሎኛል። ዳባት መግባቱን አልፈራሁትም። ያ አይከል ከተማ የተቀመጠው ደላላ አባዬን አነጋግሮታል፣ በመተማ አድርጌ ወደ እህቷ አደርሳታለሁ እያለው ነው፣ አባዬም ክለቡ ከተዋት ምን ምርጫ አለ ይላል። አንቺ ስትሄጂ ጆሮዬ ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም፣ እኔ የምሄደው አንቺ እንዳትከተይኝ ነው ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ነገ ካነከስሁ ልከተልሽ ነው።

አሁን ስለ ዕቃው ልንገርሽ፣ ጉዴን ያወጣው እሱ ነው። ዓለምነው የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር፣ አረንጓዴ መብራት ብልጭ የሚልበት፣ በላስቲክ አድርጎ በሁለቱ ቅልጥሞቼ አንድ አንድ፣ ወገቤም ላይ አሰረልኝ። ሴንሰር ይባላል። እግር ሲነሳ ሲወርድ፣ ሲፈጥን ሲዘገይ ይይዘዋል፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ለግራው ቀይ፣ ለቀኙ ሰማያዊ። ሌላ አገር ሯጮች ልምምድ ላይ ያስሩታል አለኝ። ለሳምንት ቤት ይዘሽው ሂጂ፣ ስትታጠቢና ስትተኚ ፍቺው፣ ሌላውን ጊዜ እንደ ልብሽ ሁኚ አለኝ። እንዴት አድርጌ እንደ ልቤ ልሁን! የቤት አከራዬ መንበረ ገና ስታየው ይሄ የሚያየውን ለማን ነው የሚናገረው ብላ በሩን ዘጋችው፣ ዘንድሮ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራ። አያይም አይሰማም፣ እግሬን ብቻ ነው አልኋት። እግርሽስ ቢሆን የት እንደዋለ ይናገር የለ ብላ አሳቀችኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ከኋላዬ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር።

ስመልስለት ኮምፒውተሩን ከፍቶ መስመሮቹን አየ። ኋላ ወደ እኔ አዞረውና ይኸው ጠዋት አለኝ፣ ቀዩ አጠር፣ ሰማያዊው ረዘም፣ ማነከሴ ነው። እኔ ዘንድ ስትመጪም ይኸው፣ ገበያ ስትሄጂም ይኸው። ከሰዓት በኋላ ግን እይው አለኝ። ሁለቱ መስመሮች እኩል ናቸው፣ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ። ምን ትሠሪያለሽ በዚህ ሰዓት አለኝ። ደነገጥሁ እታለሜ፣ አስመሳይ ሊለኝ ነው፣ ለይበልጣል ሊነግርብኝ ነው ብዬ እተኛለሁ አልሁት። እሱም በእንቅልፍሽ እንዲህ ሸጋ አድርገሽ ትሄጃለሽ ማለት ነው ብሎ ሳቀ። እኔ አለቀስሁና እውነቱን ነገርሁት። መንበረ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ልትሠራ ስትገባ ልጇን ሶሊያናን የማዝላት እኔ ነኝ፣ ኪራዩ እንዲቀለኝ እንዲያ ተስማምተናል። ሸክም እንዳታነሺ ብሎኝ ስለነበር ደብቄው ነው። ይቆጣኛል ስል ነገ ልጅቱን ይዘሻት ነይ አለኝ።

አዝያት ሄድሁ። ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አስኬደኝ፣ ነርሶቹ ሁሉ በየበሩ ቆሙ፣ ሶሊያናም ጀርባዬ ላይ ሸናችብኝ፣ ሳቁን ብታዪው። መስመሩ ግን እኩል ነው። ከዚያ እሷን አስወረደኝና የእሷን ያህል የሚመዝን ዱቄት በከረጢት አድርጎ በዚያው አንቀልባ አሳዘለኝ። እማዬ ትሙት አነከስሁ! ያው ጀርባ፣ ያው ክብደት፣ ያው ኮሪደር። ባዶ ጀርባዬንም ሄድሁ፣ አነከስሁ። እውነት ያመኛል እኮ እታለሜ፣ የምቀጥፈው አይደለም። ታዲያ እያስመሰልሁ ነው ወይ አልሁት። የለም አለኝ፣ ጅማቱ ገጥሟል፣ ጡንቻውም ተመልሷል፣ ዜናው ግን አንቺ ዘንድ ገና አልደረሰም። ስትሄጂ ሁሉ ጉልበትሽን ትጠብቂያለሽ፣ ልጅቱን ስታዝዪ ግን የምትጠብቂው እሷን ነው፣ ጉልበትሽን ትረሺዋለሽ አለኝ። ይበልጣል ሲነገረው ምን አለ መሰለሽ፣ እኔ ክለብ ውስጥ ልጅ ታዝሎ አይሮጥም አለ። ልጆቹም ሞግዚቷ መጣች እያሉ ይስቁብኛል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል። እኔንም አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። እማዬ ታማ በተኛችበት ክረምት ጭቃውን ቁልቁል ወንዝ ስትወርጂ እኔ አንገትሽ ሥር ፊቴን ሸጉጬ ትዝ ይለኛል። አንቺ ራስሽ ያኔ ልጅ ነበርሽ። እግርሽን ያምሽ እንደሆነ ማን ጠይቆሽ ያውቃል? ይኸው አሁንም በሰው አገር የሰው ልጅ አዝለሽ የሰው ቤት ትጠርጊያለሽ፣ ስለ እኛ እያሰብሽ የራስሽን ትረሺው ይሆናል። የዓለምነው ነገር ለእኔ መድኃኒት ነው፣ ለአንቺ ሳስበው ግን ያስፈራኛል። የረሱት ሕመም ሁሉ ዳነ ማለት ነው ወይ? መሽቷል፣ ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁመው።

እታለሜ፣ አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠዋት ሜዳ ላይ ዕቃውን አስረውልኝ ከልጆቹ ጋር ተሰለፍሁ። ዓለምነው ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሜዳው ዳር ተቀምጧል፣ ይበልጣል ፊሽካውን ይዞ ቆሟል። ገና ስንነሳ ግራዬ ከዳኝ። ሶሊያናን አዝያለሁ ብዬ ላስብ ሞከርሁ፣ እምቢ አለ፣ ጀርባዬ ባዶ መሆኑን ያውቃል። ልጆቹ ጥለውኝ ሄዱ። ይበልጣል ሽታዬ በቃሽ ውጪ ብሎ በእጁ ጠራኝ። ልወጣ ነበር፣ ወደ ዳር ሁሉ ዞር ብዬ ነበር። ያን ጊዜ አንቺ መጣሽብኝ። የወንዟ ልጅ አይደለችም፣ የአሁኗ አንቺ፣ እኔም ይህን ሁሉ ያከልሁ ሴት ገና ጀርባሽ ላይ ሆኜ። አፈርሁ። ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትወርደው አልሁ፣ ራሴን ነው ያልሁት፣ ወደ ዳር አልወጣሁም። ያመኛል፣ ይመመኝ አልሁ፣ ግራዬን እንደ ቀኜ ረገጥሁት፣ የጮህሁም መሰለኝ፣ ደግሜ ረገጥሁት።

የመጨረሻ ወጣሁ። የመጨረሻ ብቻ አይደለም፣ ልጆቹ ጫማቸውን ፈተው ውኃ ሲጠጡ ነው የደረስሁ። ይበልጣል ምነው ለምሳ ቀጠሮ ነበረሽ እንዴ አለኝ። ዓለምነው ኮምፒውተሩን ሰጠው። መጀመሪያው አጠርና ረዘም ነው፣ ከመሃል ወዲያ ግን ቀዩና ሰማያዊው እኩል ሄደው እኩል ገብተዋል። ይበልጣል ብዙ አየው። ኋላ እነዚህ እግሮች ቀርፋፋ ናቸው እንጂ ደህና ናቸው፣ ቀርፋፋ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፣ ሰኞ ልምምድ ነይ አለኝ።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሰኞም እፈራለሁ፣ ያ ቁልቁለት ጋ ስንደርስ ደግሞ ምን እንደምሆን አላውቅም። ግን ለአባዬ ደውዬ ያ ደላላ ከደጃችን ይጥፋ ብዬዋለሁ፣ አባዬም እሺ ብሎኛል። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እኔ ቆሜያለሁና ከጀርባሽ አውርጂኝ። አንቺን የት እንደሚያምሽ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

አባዬ ግንባርሽን ይስምሻል። እማዬ ስምሽን ሳትጠራ አትውልም፣ በጸሎቷ አለሽ። መንበረ ሳታውቅሽ ወዳሻለች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ሶሊያና ይህን ስጽፍ ወረቀቱን በእጇ ስትይዝብኝ ነበር፣ ዳሩ ላይ ያለው እድፍ የሷ ሰላምታ ነው። አብረውሽ ያሉትን የአገር ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሳሚልኝ።

እህትሽ ሽታዬ
ጎንደር፣ ማራኪ
ሰኔ 10 ቀን 2009 ዓ.ም.