በሽቦ ስለታሰረው የልጄ መልህቅ

ለክቡር ካፒቴን ሌዎንሲዮ ኡሪያስ
የፑንታ አልባርዶን ወደብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ሜክሲኮ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ባለፈው ሳምንት አዲስ ቀለም የተቀባው ጽሕፈት ቤትዎም ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሬፉሂዮ ሴሴኛ እባላለሁ፤ ከስድስት ሳምንት በፊት በጠባቧ የካያክ ጀልባው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የሰጠመው የአቤላርዶ እናት ነኝ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እርስዎ ግን የልጄን አሟሟት የሚያስረዳውን ሪፖርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጽፈው በመጨረስዎ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ።

ደብዳቤውን በዓሣ ገበያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ዳግመኛ እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ የሁሬል ዓሣ ወቅት ሲከፈት ሃያ ስድስት ካያኮች ከዚህ ዳርቻ ይወጣሉ፤ በአንዱም ላይ የቀረኝ ልጅ ፋኩንዶ አለ። ከዚያ በፊት መልህቆቻችን የታሰሩበት ሽቦ ይነሣልን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ካያክ መልህቅ እንዲይዝ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። መልህቅ ክፉ ነው አልልም፤ ውሃው በሚረጋበት ሰላጤ ውስጥ፣ ከካያኩ ጫፍ ታስሮ፣ አንዴ ሲስቡት የሚፈታ ገመድ ካለው ጥሩ አገልጋይ ነው። የእኛ ሰዎች ግን የሚያጠምዱት ከሰላጤው ውጭ፣ ባሕሩ እንደ ወንዝ በሚሮጥበት ነው። እዚያ ወይ ከውሃው ጋር ይንሳፈፋሉ፣ ወይ ከሥር ከሚያድገው ረጅም የባሕር ሣር አንድ ጭብጥ ጎትተው ካያኩን በላላ ቋጠሮ ያስሩበታል፤ ባሕሩ ሲቆጣ ይለቁታል። ይህን ከሚያውቁት መካከል አንድም ሰው ሳይጠይቁ ደንብ ማውጣት መቻልዎ የሚያስመሰግን ነው።

ሁለተኛ፣ ጥፋታችንን አልክድም። በመጀመሪያው ፍተሻ ቀን በዳርቻው ሁሉ የነበሩት መልህቆች ሁለት ብቻ ነበሩ። ኢንስፔክተር ቴልሞ ከካያክ ወደ ካያክ ሲሄዱ መልህቁ በጀርባቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይቀድማቸው ነበር። ሽማግሌው ዶን ክሪሳንቶ፣ «ቶሎ በሉ እንጂ፤ መልህቅ ከመንግሥት ዘግይቶ ሲደርስ የት አያችሁ!» እያሉ ያስቁን ነበር። ዘጠነኛው ካያክ ላይ ሲደርሱ ኢንስፔክተሩ ቆም ብለው፣ «ይቺን ቀይ ቀለም የነካትን እኮ ቅድምም አይቻታለሁ» ቢሉ፣ አቤላርዶ፣ «ጌታዬ፣ መንትያ ናቸው» አላቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ መልህቅ ሁሉ ከካያኩ ጎን መሐል ላይ እንዲታሰር፣ ከካያኩ አንሥቶ ያለው ሁለት ክንድ ገመድ ሳይሆን የብረት ሽቦ እንዲሆን፣ ማሰሪያውም በጽሕፈት ቤቱ የእርሳስ ብረት ማኅተም እንዲታሸግ ታዘዘ። ማሸጊያውን የነካ ፈቃዱን ያጣል ተባለ። ለአንድ ሳቅ ተመጣጣኝ ቅጣት ነው።

ሦስተኛ፣ ልጄ ይህን ሲያይ፣ «እማ፣ ካያክ በጎኑ ከተያዘ እኮ ውሃው ይገለብጠዋል» ብሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ከመንግሥት ሰው ጋር አትጋጭ፤ እነሱ ተምረዋል» ያልሁት እኔ ነኝ። ይህንን በራሴ ላይ ልጽፈው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን አቤቱታው ለእርስዎ ስለሆነ ማን ዘንድ እንደማቀርበው አላወቅሁም።

በዚያ በሞተበት ማክሰኞ አቤላርዶ መልህቁን አልጣለውም። ማዕበል መልህቁን ከካያኩ ላይ ጠረገው፤ ድንጋይ ያዘው፤ ካያኩም በጎኑ ተገትሮ ተገለበጠ። ሽቦው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሲያገኙት ቢላዋው በእጁ ነበር፤ ስለቱም በሽቦው ላይ ተሸራርፏል። በዚህ በኩል እንኳ ውለታዎ አለብኝ፤ ባሕር የበላቸውን ሳያገኙ የቀሩ እናቶች በመንደራችን አሉ፤ የእኔን ግን መልህቅዎ አጥብቆ ስለያዘልኝ ፈላጊዎቹ ብዙ አልደከሙም።

አራተኛ፣ ሪፖርትዎ የሞቱ ምክንያት «የመልህቅ አጠቃቀም ጉድለት» መሆኑን ስለገለጸልኝ፣ ለወደፊቱም መልህቁ ክብደት እንዲጨመርበት ስለመከረ አመሰግናለሁ። ሪፖርቱን ለፋኩንዶ አነበብሁለት። ተነሥቶ ቢላዋውን መሳል ጀመረ። ያን ድምፅ መስማት አልቻልሁም።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ልጆችዎንም በደረቅ መሬት ያኑርልዎ።

የጽሕፈት ቤትዎን ደጅ ጠንቅቃ የምታውቅ፣
ደንብ አክብሮ የሞተ ልጅ እናት፣
ሬፉሂዮ ሴሴኛ

ማስታወሻ፦ ከላይ ሽቦው ይነሣልን ብዬ የለመንሁዎ ለትሕትና ያህል ነው። የፋኩንዶን ሽቦ ዛሬ ጠዋት በፒንሳ ቆርጬዋለሁ፤ ቅዳሜም ፒንሳዬን ይዤ ዳርቻው ላይ እቆማለሁ፤ የቀሩት ሃያ አምስት ካያኮች ባለቤቶችም እንደሚመጡ ነግረውኛል። ጥፋቱን ሁሉ በእኔ ስም ይጻፉት። አንዱን ሽቦ ለመቁረጥ የፈጀብኝ ጊዜ፣ ሰው ከውሃ በታች ትንፋሹን ይዞ ሊቆይ ከሚችለው ያነሰ ነው።