ሁንዴ የመረጠው ሙዚቃ

ኅዳር 4 ቀን 2008፣ ቅዳሜ

ስብሰባ መክፈት ለምዶብኛልና ማስታወሻዬንም እንደዚያው ልጀምር... ዛሬ ከሰዓት በሳሎኔ የተገኛችሁ፦ ክብርት ባለቤቴ ወይዘሮ ቦሰና፤ የተከበርሽው ሙሽሪት ልጄ ሄመን፤ አጥር ተጋሪዬ ኦቦ ኩምሳ፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ጠጅቱ፤ በመጨረሻም ልጃቸው ሁንዴ፣ የሙሽራው የዘርሁን አንደኛ ሚዜ።

አጀንዳ፦ የሰርግ ሙዚቃ። ቀኑ ጥር 15።

እኔ ባንድ ብቻ ይበቃል ባይ ነበርኩ። ሁንዴ ግን ባንድና ዲጄ አንድ ላይ የሚያቀርብ ቡድን ቡራዩ ውስጥ አግኝቷል። ባንዱ ሲያርፍ ዲጄው ይቀበላል፤ ሰው አይቀመጥም አለ።

“ዲጄ የሌላውን ሰው ዘፈን የሚያጫውት አይደል? እሱንማ የእኔም ሬዲዮ ያደርገዋል” አልኩት።

“የእርስዎ ሬዲዮ፣ አባባ፣ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሙሽራዋን ጥሎ ይሄዳል።”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኩምሳ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ ስፒከሩ ወደ መንገዱ ይዙር፣ ወደ እሱ ቤት ከዞረ ላሞቹ ወተት ይከለክላሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ኅዳር 12፣ እሁድ

ከሁንዴ ጋር ቡራዩ ሄድን፤ ቡድኑ በሌላ ሰው ሰርግ ላይ ሲጫወት ለመስማት። የባንዱ መሪ ብዙነህ ሳክስፎን ይነፋል፤ ጨዋ ሰው ነው። ዲጄው ጌዲ ከደቡብ የመጣ ዝምተኛ ወጣት። ሁንዴ ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል ገብቶ ሲጨፍር ዋለ። ሊያስወጡት ቀርቶ ዘመድ መስሏቸው ጋበዙት።

ሄመን ስትገባ የሚዘፈነውን እሱ መረጠ። ኦሮምኛ ነው፣ ዝግ ያለ። ለምን ይሄን አልኩት።

“በዚያ በምትገዛው ታኮ መፍጠን የምትችል ይመስልዎታል?”

ውል ተፈራረምን።

ኅዳር 27፣ ሰኞ

ከአምቦ መንገድ የሚመጣው ወሬ አያምርም... ተማሪዎች ወጥተዋል። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ምክንያት ነው። በተፍኪ መውጫ ያለው የኩምሳ ማሳ ካርታው ውስጥ ገብቷል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም።

ሁንዴ አጥሩ ጋ አገኘኝ። “አባባ፣ እርስዎ የምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ። እዚያ ካርታ ላይ እኛ ምን ተብለን ነው የተጻፍነው?”

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ካርታውን አላየሁትም። ይህንኑ ነገርኩት። እንግዲያው ወጥተን እንጠይቃለን አለ፣ በጨዋ ደንብ። ተጠንቀቅ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ሁንዴ በጥይት ተመታ። ሰልፉ ላይ። ሐኪም ቤት አልደረሰም።

ታኅሣሥ 3፣ እሁድ

ቀበርነው። ኩምሳ አላለቀሰም። ከቀብር እንደተመለሰ ላሞቹን ሊያልብ ገባ፤ ሰው ሁሉ እያየው። የሁንዴ የሚዜነት ሱፍ አልጋው ራስጌ እንደተሰቀለ ነው አለችኝ ቦሰና።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ሰርጉን ማራዘም አልተቻለም። የዘርሁን አባት በጠና ታመዋል፤ ሳያልፉ ማየት ይፈልጋሉ።

ሙዚቃውስ? ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ወደ ሐዘን ቤት ይላካል፣ ያስፈቅዳል። ለሌሎች ሰርግ እኔ ራሴ ስንቱ ቤት ገብቼ “ፍቀዱልን” ብያለሁ... እምቢ ያለኝ አንድም የለም። ዛሬ ታዲያ ይህ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው እምቢ ማለት ይችል ነበር እንዴ? ፊቱ ሽማግሌ ቆሞ?

ኩምሳን እዚያ ጭንቅ ውስጥ አላስገባውም። ሰርጉ ያለ ሙዚቃ ይሁን። ብዙነህ ጋ ደውዬ ውሉን አፈረስኩ፤ ሐዘኑን ሰምቶ ነበርና አልተከራከረም።

ቦሰና መጀመሪያ ብናማክራቸው ምናለ አለችኝ። ላለማስቸገር ነው አልኳት። ሄመን ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ጥር 4፣ ረቡዕ

ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የኩምሳም ሬዲዮ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። ዜናው ሳያልቅ ተዘጋ።

ጥር 6፣ ዓርብ

ጠጅቱ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

“ሙዚቃውን መለሱት አሉ።”

“እንዳይከብዳችሁ ብዬ ነው።”

“ማንን ጠይቀው?”

ወንበሩን እንደገና ወደ እሷ ገፋሁላት።

“ኦቦ ጎበና፣ እንዲህ ሳያስቸግሩ የሚያልፉት እኮ እንግዳን ነው። እኛን ግን በራችንን ማንኳኳት ነበረብዎ። ኩምሳ በየቀኑ ከሰዓት ጋቢውን ለብሶ ይቀመጣል፤ ዛሬ ሽማግሌ ይመጣል እያለ። ማንም አልመጣም። ልጄ የመረጠውን ሙዚቃ እርስዎ ብቻዎን መለሱት።”

ይህን ብላ ወጣች። ድምፅዋን አንዴም ከፍ አላደረገችም... ከፍ ብታደርገው ይቀለኝ ነበር።

ጥር 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት ለብዙነህ ደወልኩ። ባንዱ ለጥር 15 ገላን ሌላ ሰርግ ይዟል፤ ያልተያዘው ጌዲ ብቻ ነው። እሱ ይምጣልን አልኩ።

ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ የኩምሳን በር አንኳኳሁ። ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። ስንት ዓመት የተናገርኩትን ቃል በሩ ላይ እንደቆምኩ ተናገርኩት። “ኩምሳ... ፍቀድልን።”

“ዘገየህ” አለኝ።

አዎን፣ ዘግይቻለሁ አልኩት። እሱም ወደ አጥሩ እያየ፣

“ይዘፈን። አርባውም ከሰርጉ በፊት ይወጣል። ግን ስፒከሩን ወደ እኔ አዙሩት። ቤቱ ጭር ብሎብኛል።”

ስለ ላሞቹ ሁለታችንም አላነሳንም።

ጥር 15፣ እሁድ

ለባንድ በተሠራው ሰፊ መድረክ ላይ አንድ ጠረጴዛና ጌዲ ብቻ። ሁለቱም ስፒከሮች ወደ አጥሩ ዞረዋል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሹም ድምፁ ወደ እንግዳው አልመጣም ብለው በትሕትና አሳሰቡኝ። ትክክል ነው፣ እንዲሁ ይሁን አልኳቸው።

ሄመን በሁንዴ ዘፈን ገባች። ጫማዋ ታኮ አልነበረውም፤ እንዲያም ሆኖ በዝግታ ተራመደች። ዘርሁን በቀኙ ማንንም አላቆመም። ጠጅቱ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ አንድ ጊዜ እልል አለች፤ ሁለተኛው አልወጣላትም።

ኩምሳ አልመጣም። ከአጥሩ ማዶ ግን ጋቢው ይታየኝ ነበር... ዘፈኑ እስኪያልቅ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጥር 16፣ ሰኞ

ጠዋት ኩምሳ በአጥሩ በኩል ጠራኝ። አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርክ ተባባልን። ባዶ የወተት ዕቃ ይዟል።

“ላሞቹ ወተት ከለከሉ” አለኝ።

እየሳቀ መስሎኝ ቀና አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። አጥሩን ይዘን፣ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ ፀሐዩ እስኪከር ቆምን።

አሁን ቅደም ተከተሉን ላስተካክል። በቅድሚያ የተከበርከው ልጃችን ሁንዴ፤ ቀጥሎ ኦቦ ኩምሳና ወይዘሮ ጠጅቱ፤ ከዚያ ሁላችንም እንደ ዕድሜያችን... ሁንዴ፣ ስለ ምርጫህ በቤቴ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሄመንና ለዘርሁን የሰመረ ትዳር፣ ለአጥሬ ማዶ ጎረቤቶቼም እንቅልፍ የሚገኝበት ሌሊት እመኛለሁ።