ጠበል የነካው ጆይስቲክ

ቢንዬ፣ ሆዴ፣

ካለህበት ሰላሙን ያብዛልህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ማለት ለምዶብን ደህና ነን። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ፤ የሙት ዓመት ተዝካርህንም አወጣን። የመጣውን ሰው ብታይ ትኮራ ነበር፤ ግማሹ ጌም ቤትህ ውስጥ ያደገ ጎረምሳ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን እንድትኮራ አይደለም። ተናድጃለሁ። የምናደድበት ሰው አጥቼ ነው ወዳንተ የመጣሁት፤ በሕይወት ሳለህስ መቼ ሌላ ሰው ነበረኝ?

የቤቱን ነገር ላስቀድም። የበረንዳው ቆርቆሮ ማፍሰስ ጀምሮ አስቀይሬዋለሁ። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለችው ያንተ ጌም ቤት እንደነበረች አለች፤ ያው ቴሌቪዥኖች፣ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው አቧራ የጠገበ መጋረጃ። የተለወጠው ባለቤቷ ብቻ ነው። ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፤ የአየር ጤና የታክሲ ረዳቶችና የጋራዥ ልጆች እየተንጋጉ ይገባሉ፤ እኔም በጎልና በስድብ መሃል ቀኑን እገፋዋለሁ። መስኮት እንኳ የላትም እኮ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ብለህ ስትደፍነው ልክ ነህ ብዬህ ነበር። አሁን ውስጧ ስውል፣ ውጭ ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በሚገባው ሰው ጫማ ነው።

ጆይስቲኮቹ አረጁ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ማንም ሳይነካቸው መሄድ ጀመሩ። አውራ ጣት የምታርፍባት ዱላ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ኳሱን ትቶ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ካልያዙት ከሜዳ ሊወጣ ይደርሳል። ልጆቹ «ይስባል» ይሉታል፣ መሪው እንደተበላሸ መኪና። ጦር ኃይሎች ካለ ሱቅ ሄጄ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከአሮጌዎቹ ብሶ ወደ ጎሉ ጀርባ መሸሽ አመጣ። ስንት ጊዜ በሆዴ እንደሰደብኩህ አትጠይቀኝ።

አንተ እያለህ ይህ ሁሉ እንዴት ቀላል ይመስል ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተህ ጆይስቲኮቹን እንደ ዶሮ ብልት በብልት ታወጣቸዋለህ። ጥጥ አልኮል ነክረህ ዱላዋ የምትቀመጥበትን ትጠርጋለህ፣ ትነፋለህ፣ መልሰህ ትገጥማለህ። አንድ እሁድ አልኮሉ ቢያልቅብህ ሽቶዬን አነሳህ፣ ያውም የሠርጌን። ያን ሰሞን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እጁ እኔን እኔን ሲሸት ከረመ። አኩርፌህ ዋልኩ፤ ራት ላይ ግን ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ሕጉንም ያወጣኸው አንተ ነህ። የተሸነፈ ሁሉ ያሸነፈኝ ጆይስቲኩ ነው እያለ ጠብ ሲያነሳ፣ ቡድኖች በዕረፍት ሜዳ እንደሚቀያየሩ እናንተም በዕረፍት ጆይስቲክ ተቀያየሩ፣ መጥፎው ለሁለታችሁም እኩል ይድረስ አልካቸው። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራል። አንተን ጭራሽ የማያውቁት እንኳ አርባ አምስት ሲሞላ ዝም ብለው ይቀያየራሉ። ሳያቸው አንዳንዴ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ተነሥቼ ብወጣ እላለሁ፣ ከእኔ ጋር ተራ የሚቀያየር ማንም የለምና።

እንግዲህ የተናደድኩበትን ልንገርህ። ሕፃናት አስተምርበት በነበረው መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር የነበሩትን ሴትዮ ታስታውሳቸዋለህ። ቢሾፍቱ ላይ የራሳቸውን ከፍተዋል። መስከረም ሲጠባ እንድጀምር፣ ግቢው ውስጥ ማደሪያም እንዳለ ደውለው ነገሩኝ። አንተ ስትታመም የተውኩት ሥራ ነው። ከስልኩ ወዲያ ልጆች ሀ ሁ ሲሉ ይሰማ ነበር፤ አፌ እሺ ሊል ተከፍቶ ነበር። ቀና ስል ደጃፉ ላይ እናትህን አየሁ። ዳይሬክተሯን አስቤ ልመልስልዎ አልኳቸው።

እማማ ከቀብርህ ወዲህ ጓሮ ካለችው ክፍላቸው እየወጡ፣ አንተ ትቀመጥባት የነበረችው ዱካ ላይ ጌም ቤቱ ደጃፍ ይውላሉ። ጨዋታውን አያውቁትም፤ ጎል ሲገባና ልጆቹ ሲጮኹ ብቻ ቀና ይላሉ። የልጃቸው ድምፅ የቀረላቸው እዚያ ጫጫታ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። የዕድር ሴቶችም የቢኒያምን ደጅ እንዳትዘጊ ይሉኛል። ምክር ቀላል ነው፤ እስቲ እናንተ ዋሉበት ብላቸው አንዷም አትውልም። እንዴት አድርጌ ልዝጋው? ዘግቼ ብሄድ ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበርኩባቸው ያህል ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ዘዴዬ መጠበቅ ሆነ። ጆይስቲኮቹ አንድ በአንድ ከሞቱ ቤቱ በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ እሷ ዘጋችው የሚለኝም አይኖርም። መጠጋገኑን ተውኩት። ግን የሰፈርህን ልጆች ታውቃቸዋለህ። ወደ ግራ የሚስበውን በአውራ ጣታቸው ወደ ቀኝ ወጥረው መጫወት ለመዱ፤ ጭራሽ እሱን ካልያዝኩ አልጫወትም የሚልም ተገኘ። ሰው የማይለምደው የለም። እኔም እንዲህ እየለመድኩ እዚያች ክፍል ውስጥ ሳረጅ ታየኝና ፈራሁ።

ሰሞኑን ሁሉም በአንዴ ባሰባቸው። ተጫዋቾቹ ተያይዘው ወደ ማዕዘን እየነጎዱ ጨዋታ የሚባል ነገር ጠፋ። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው፣ ማንም ሳይነካው ይሄዳል እያሉ ወጡ። በሩን ገርበብ አድርጌ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ዝምታው እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር። ሻይ ጠጥቼ ለዳይሬክተሯ ልደውል ብዬ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ እማማ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው፣ ሃይላንድ ሙሉ ጠበል ይዘው፣ በስመ አብ እያሉ ጆይስቲኮቹ ላይ ያንቆረቁራሉ። መርጨት እንዳይመስልህ፤ አጥምቀዋቸዋል። ውሃው ከየቀዳዳቸው ይንጠባጠብ ነበር። ማንም ሳይነካው የሚሄድ ነገር እማማ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መቼም አይጠፋህም። ምንም አይደለም እማማ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ በሆዴ ግን ተገላገልኩ አልኩ። ለወጉ ያህል በረንዳ ላይ አሰጣኋቸው።

ሲደርቁ ልጆቹ መጥተው አንዱን ሰኩት። ቢንዬ፣ ሠራ። ተጫዋቹ ካቆሙት ቦታ ንቅንቅ አልል አለ። ከአንዱ በቀር የቀሩትም እንዲሁ። አንተ ብትኖር ውስጡ የጠነከረውን እድፍ ውሃው አጥቦት ነው ትል ነበር፤ እኔም የሚመስለኝ ይኸው ነው። ሰፈሩ ግን ቢኒያም ቤቱ እንዲዘጋ አልፈቀደም አለ። ወረፋው እስከ መንገዱ ደረሰ። አንዷ የዕድር ሴት አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለተአምሩ መሰላት።

ማምሻውን አልቻልኩም። እማማ ክፍል ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቢሾፍቱን፣ ስልኩን፣ ያቺ ክፍል እንደምታፍነኝ፣ ጆይስቲኮቹ ይሙቱ ብዬ እንደጠበቅኩ። ቢቆጡኝ በወደድኩ። የነጠላቸውን ጥለት እያፍተለተሉ ሰሙኝ። ከዚያ እሳቸው ተናገሩ። የስልኩን ወሬ ያኔውኑ ደጃፍ ላይ ሆነው ሰምተውታል። ስለ ርኩስ መንፈስ አስበው አያውቁም። ጠበሉን ያመጡት ቤቱ ሥራ ካለው አትሄድም ብለው ነው። ጫጫታውን ጠልተውታል፤ ራሳቸውን ይወቅራቸዋል። ደጃፍ ላይ የሚውሉት እኔ መኖሬን ለማየት ነው፤ ቀና የሚሉትም ለጎሉ ሳይሆን፣ ልጆቹ ሲነሡ በመሃላቸው እኔን ለማየት ኖሯል። ልጄ ሄደ፣ አንቺም ከሄድሽ ስሜን የሚጠራኝ ማን ነው አሉኝ።

አብረን እንሂድ አልኳቸው። መቃብርህን ጥለው አይሄዱም። እግራቸው እስከሚችል በየሰንበቱ ይሄዱበታል፤ ከዚያ የሚያርቃቸውን ነገር አይሰሙም። ይኸው እንግዲህ፤ እሳቸው አንተን አይለቁም፣ እኔ እሳቸውን መልቀቅ አቃተኝ። ጠፍሮ የያዘኝ ቤቱ ነው ብዬ ስታገል ከርሜ፣ ለካ አንዲት አሮጊት ናቸው። ቤት ቢሆን ይዘጋ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለዳይሬክተሯ ደውዬ ለመስከረም እንደማልመጣ ነገርኳቸው። እንባዬን ውጬ ነው የተናገርኩት። ላንተ ብዬ የቀረሁ እንዳይመስልህ። ቀድመኸኝ ሄደህ ይህን ሁሉ ስለተውክልኝ ገና አልታረቅኩህም።

ልረሳህ ግን አልችልም፤ አስታውስሃለሁ፣ ቃሌ ነው። ይህን ቃል መስጠት አይከብደኝም፤ የሞተ ሰው መታወስ ይበቃዋል። እማማ በሕይወት አሉ፤ እሳቸውን ማስታወስ አይበቃም፣ አብሬያቸው መዋል አለብኝ። ይኸው አሁንም እየጠሩኝ ነው። ልሂድ።

ሰናይት